ባዶ ቀፎ መሙላት፦ በድሮ ዕቃ ወደ ፊልም መመለስ

ጥቅምት፣ ዕቃው ሲፈተሽ

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የጥቁርና ነጭ ፊልም አንድ በአንድ ልግዛ ብል ዋጋው አይቀመስም። አዳማ ውስጥ ደግሞ ሱቅ ገብቼ የምገዛው አላገኘሁም። ስለዚህ ወደ ድሮው መንገድ ተመለስኩ። 30.5 ሜትር የሚሆን ትልቅ ጥቅል ከውጭ ይመጣልኛል። ባዶዎቹን የፊልም ቀፎዎች ራሴ እሞላለሁ። ማጠቢያውንም ራሴ መዝኜ እበጠብጣለሁ። ተኩሶ የጣለውን ቀለህ ለቅሞ እንደገና እንደሚሞላ አዳኝ ማለት ነው።

ፊልም ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። ዕቃው ግን አልተሸጠም። ማን ይገዛዋል? ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲለብስ ኖረ።

ካሜራው ዜኒት-ኢ ነው። ሞስኮ አጠገብ በሚገኘው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተሠራ ሞዴል ነው፤ የእኔን አጎቴ ከትምህርት ሲመለስ ነው ይዞት የመጣው። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊ ሜትር። ከባድ ነው፤ አንገት ያሳምማል። ከእሱ ጋር ፊልሙን ከትልቁ ጥቅል ወደ ቀፎ የሚያስገባ ጥቁር የባኬላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ፊልም መሙያ አለ፣ እጀታና ቆጣሪ ያለው። ማጠቢያ ጣሳውም እንደዚሁ ባኬላይት ነው። የድሮ የመድኃኒት ቤት ሚዛን ከነትንንሽ ክብደቶቹ፣ ቴርሞሜትር፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ባዶ ቀፎ፣ ጥቂት የዱቄት ብልቃጦች።

ብረቱንና ባኬላይቱን ፈትሼ ጨረስኩ። ምንም አልሆኑም። እጀታው ይዞራል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ የለም። ያረጀው ለስላሳው ነገር ነው፦ ጨርቁ፣ ላስቲኩ፣ ዱቄቱ። ሰው አሮጌ ዕቃ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው ዝገት ነው። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ዓይኔን የምጥለው ጨርቁ ላይ ነው።

የዜኒቱ መዝጊያ፣ ፎቶ ሲነሳ ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው፣ ራሱ ጨርቅ ነው፤ ላስቲክ የተቀባ፣ ወደ ጎን የሚሮጥ። ማታ ሌንሱን ፈታሁ፣ ጀርባውን ከፈትኩ፣ የስልክ መብራት ከፊት አበራሁበት። መርፌ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር ትታያለች። የለችም፣ ተመስገን። ፍጥነቱ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ነው፣ አምስት ብቻ። ለረጅም ጊዜ የተኛ መዝጊያ ይለግማል፤ ስለዚህ ያለ ፊልም ደጋግሜ አስሮጥኩት። መንቀራፈፉ እየለቀቀው መጣ።

የብርሃን መለኪያው ሴሊኒየም ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ሴሊኒየም ግን ሲያረጅ ይደክማል። ከስልኬ መለኪያ ጋር ሳስተያየው በየሄድኩበት አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በግማሽ፣ ብርሃኑን አሳንሶ ያያል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መጠን የሚሳሳት መሣሪያ ለእኔ ትክክለኛ መሣሪያ ነው፤ ያችን አንድ ስቶፕ እየቀነስኩ እጠቀምበታለሁ። ሌላው የሚያስቸግር ነገር ቁጥሩ ነው። የፊልምን የብርሃን ስሜት የሚለካው የሶቪየቱ ጎስት ስለሆነ 100 የሚል የለበትም፤ ከ65 ቀጥሎ 130 ነው። የ100 ፊልም ቦታው በሁለቱ መካከል ነው። በነጭ ቀለም ትንሽ ነጥብ አድርጌበታለሁ።

ቀፎዎቹ

ቀፎ የምለው ፊልሙ ተጠቅልሎ የሚገባባትን ትንሿን ሲሊንደር ነው። ሁለት ዓይነት አለኝ። አንዱ ለመሙላት ተብሎ የተሠራ፣ ክዳኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ሌላው ፋብሪካ ሞልቶ የሸጠው ነው፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከውስጥ ትንሽ ጭራ ተርፋ በአፉ በኩል ብቅ ካለች አዲሱን ፊልም በእሷ ላይ በፕላስተር መቀጠል ይቻላል። የሚከፈተውን እመርጣለሁ፤ ውስጡን ማየትና ማጽዳት ይቻላል።

የቀፎ ነፍሱ አፉ ላይ ያለው የከፋይ ጨርቅ ነው። ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ፊልሙ ሲገባም ሲወጣም ያንን ከፋይ እየታከከ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ከተሸጎጠች ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትጭረዋለች። የአዳማ ሰው ይሄን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ያ ሁሉ ንፋስ ታዲያ ባዶ እጁን አይመጣም። መስኮት ዘግተን ውለን እንኳ ማታ ጠረጴዛው ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል።

የማጽጃ ዘዴዬ ቀላል ነው። ፕላስተር ከፋዩ ላይ ጫን፣ ነቀል። ፕላስተሩ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ መደጋገም። ከዚያ ሕፃናት አፍንጫ ማጽጃ በሆነችው የላስቲክ ፊኛ አየር መንፋት። በአፍ መንፋት አይሆንም፣ ምራቅ ይሄዳል። ከፋዩ የሳሳበት፣ አፉ የተጣመመ፣ ክዳኑ የላላ ቀፎ ሁሉ ወደ ቆሻሻ።

ጎረቤታችን ድሮ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ለቡና መጥተው ጠረጴዛውን ሲያዩ መነጽራቸውን አወጡ።

«ቁጥር ጻፍክባቸው?»

«የምን ቁጥር፣ ጋሼ?»

«በየቀፎው ላይ ነዋ! አንዱ ፊልም ተጭሮ ሲወጣ የትኛው እንደጫረው በምን ታውቃለህ? ሁሉንም ልትጥል ነው?»

በማይጠፋ ማርከር ጻፍኩ። ደብተር ላይም ለእያንዳንዱ ቀፎ አንድ አንድ ገጽ ተሰጠው፦ መቼ ተሞላ፣ ስንት ፎቶ፣ መቼ ታጠበ፣ ምን ታየ።

ጥቅሉ ሲገባ

ፊልሙ ፎማፓን 100 ነው። ፎማ የቼክ ድርጅት ነው፣ ህራዴትስ ክራሎቬ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተ፤ እስከ ዛሬ ፊልም ይሠራል። የአክስቴ ልጅ በእጅ ሻንጣ ይዛው መጣች። በትልቁ ሻንጣ አይላክም፤ ለዚያ የሚጠቀሙበት የኤክስሬይ ፍተሻ ኃይለኛ ስለሆነ ፊልም ያበላሻል።

ጥቅሉን ወደ መሙያው ማስገባት በድፍን ጨለማ የሚሠራ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የፎቶ ቤት ቀይ መብራት ትዝ ይለዋል። እሱ ለወረቀት ነው። ይሄ ፊልም ቀዩንም ያያል። የእኛ መታጠቢያ ቤት መስኮት የለውም፤ በሩ ሥር ግን ክፍተት አለ። ቤታችን ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው መንገድ ስለማይርቅ የከባድ መኪና መብራት ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደሩን ይጠርገዋል። በሩ ሥር ጋቢ ጠቀጠቅሁ። መብራት የጠፋ ምሽትም ጠበቅሁ። መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው የሰፈሩ ብቸኛ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ በኋላ ያለው በብርሃን ይሠራል። ከመሙያው ጎን ብቅ ያለችውን የፊልም ጫፍ ከቀፎው ማጠንጠኛ ጋር በፕላስተር ማያያዝ፣ ክዳን መዝጋት፣ እጀታውን ማዞር፣ ቆጣሪውን ማየት። ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። በደረቅ አየር ፊልም ቶሎ ቶሎ ከተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታውም ፊልሙ ላይ ይቀረጻል።

ሂሳቡ ይሄ ነው። አንድ ፎቶ ከነክፍተቱ 38 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። 36 ፎቶ 1.37 ሜትር ገደማ። ካሜራ ላይ ለመጫኛ ከፊት፣ ለመያዣ ከኋላ ሲጨመር ወደ 1.65 ሜትር ይደርሳል። ከ30.5 ሜትር 18 ቀፎ ይወጣል። 40 ፎቶ ልጨምቅ የሚል ሰው ዋጋውን ማጠቢያ ላይ ያገኘዋል፤ የጣሳው መጠቅለያ ከ36 ብዙም የሚያልፍ አይችልም። መጨረሻ ላይ ያለችው ፎቶም አትታመንም። ፊልሙ በፕላስተር ሲያያዝ ያ ጫፍ ብርሃን አይቷል። ስለዚህ 35 ላይ ዋናውን ነገር አንስቼ ጨርሻለሁ።

ሙሉ ቀፎ ከመሙላቴ በፊት አጭር ሙከራ ሞላሁ፣ ጥቂት ፎቶ ብቻ። ታጥቦ ሲወጣ በአንድ ጠርዝ በኩል ጥቁር ጭጋግ ነበረበት፣ እየመጣ የሚሄድ። ካሜራው ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ቁራጭም ያው ጭጋግ አለው። ጥፋተኛው መሙያው ነው። ፊልሙ በሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ያለው ከፋይ አንድ ጎኑ ተልጧል።

ጥቁር ከፋይ የት ይገኛል? የሠርግ ካባ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ! ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ከቁርጥራጭ ከረጢቱ ውስጥ መርጦ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው ሳቀ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። ጥቅሉን በጨለማ አውጥቼ በጥቁር ፕላስቲኩ ውስጥ መለስኩት። የድሮውን ከፋይ በምላጭ ፋቅሁ፣ አዲሱን በቀጭን ሙጫ ለጠፍኩ። ጠጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ ፊልሙ ወደሚወጣበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ እየጎተተ ይይዛል። ሙጫው በደንብ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ተውኩት። ሁለተኛው ሙከራ ንጹህ ሆኖ ወጣ።

ኅዳር፣ ሚዛንና ዱቄት

የድሮዎቹ ብልቃጦች ውስጥ የማጠቢያው ዱቄቶች ነበሩ፦ ምስሉን የሚያወጣው ሜቶልና እሱን ከአየር የሚጠብቀው ሶዲየም ሰልፋይት። ሜቶሉ ቡናማ ሆኗል፣ እሱ ራሱ ይናገራል። ሰልፋይቱ ግን እንደ ድሮው ነጭ ነው። ነጭ ስለሆነ ግን አይታመንም። ሰልፋይት አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ሰልፌት ይለወጣል፣ ሰልፌትም ነጭ ነው። በዓይን አይለይም። ሁለቱንም አስወገድኩ። አዲሱን ከአዲስ አበባ ኬሚካል ሻጭ አስመጣሁ።

የመረጥኩት ቀመር ዲ-23 ይባላል። የኮዳክ ነው፣ ሁለት ነገር ብቻ፦ 7.5 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ ውሃ እስከ 1 ሊትር። ከዚህ የረቀቁ ቀመሮች ሞልተዋል። ነገር ግን በእጅ ለሚመዝን ሰው የነገር ማነስ ትልቅ ፀጋ ነው። በዚያ ላይ ዲ-23 ለዘብ ያለ ነው፤ የቀትር ፀሐያችን የሚሠራውን ጥቁር ጥላና የሚያቃጥል ነጭ ያቀራርባል።

ሚዛኑን ማመን አልቻልኩም። ከመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ገዝቼ በውሃ ፈተንኩት። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ግራም ነው፤ ከዚህ የረከሰ መፈተሻ የለም። መጀመሪያ ተንገዳገደ። ዘንጉ የሚያርፍበትን ስለት በአልኮል ስጠርገው ልክ ገባ። መስኮት ተዘግቶ መመዘን አለበት፤ የእኛ ንፋስ ግማሽ ግራም ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

አበጣበጡ ቅደም ተከተል አለው። ውሃው 50 ዲግሪ ገደማ ይሁን። መጀመሪያ ሰልፋይቱ በጣት ጫፍ ቆንጠር ተደርጎ ይገባል፣ ሜቶሉ በአየር እንዳይበላሽ። ከዚያ ሜቶሉ በሙሉ ይሟሟል። በመጨረሻ የቀረው ሰልፋይት። ሰልፋይቱ ሁሉ ቀድሞ ከገባ ሜቶሉ አልሟሟም ብሎ ይንሳፈፋል። ጓንት ግዴታ ነው፤ ሜቶል አንዳንድ ሰው ላይ ክፉ የቆዳ አለርጂ ያመጣል። የወጥ ቤት ዕቃ አልነካሁም፤ ማንኪያው፣ ማሰሮው ሁሉ የራሱ ነው፣ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

ሜቶል ያጣ ሰው በቡና ማጠብ ይችላል። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በሮቸስተር ቴክኖሎጂ ተቋም በዶክተር ስኮት ዊሊያምስ ክፍል የተሞከረ ነገር ነው። ፈጣን ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ተደባልቀው ፊልም ያጥባሉ። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ካፌይክ አሲድ የሚባለው ነው። እሱ ደግሞ በሮቡስታ ቡና ይበዛል። የእኛ ቡና አረቢካ ነው። በቡና የምንኮራበት አንድ ቦታ ላይ እንኳ ርካሹ ሮቡስታ በለጠን። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ «ቡናዬን እንዳትነካ» ብላ ቆርቆሮውን ደበቀችው። ለጊዜው ዲ-23 ላይ ነኝ።

ማጠብ

የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም የተነሳው በድሮው ባቡር ጣቢያና በጋሪዎቹ ዙሪያ ነው። መነሻ መለኪያዬ በፀሐይ ላይ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16፣ ፍጥነቱ 1/125 ሰከንድ። ለ100 ፊልም በጠራ ሰማይ ይሄ ይበቃል፣ መለኪያም አያስፈልግ።

ትልቁ ጣጣ ሙቀት ነው። መጽሐፍ ሁሉ 20 ዲግሪ ይላል። አገሩ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ ይንቀጠቀጣል፤ አዳማ ላይ ግን ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ቀን ቀን ሻይ ሊያፈላ ምንም አልቀረው። ንጋት ላይ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ማጠብ የንጋት ሥራ ሆነ። ጣሳውንና ጠርሙሶቹን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣለሁ። በፌስታል የታሰረ በረዶ ሳፋው ውስጥ ይገባል፣ ቴርሞሜትሩ ሲወርድ ይወጣል። በረዶ ከሌለ በ24 ዲግሪም ይታጠባል፣ ሰዓቱ ግን ያጥራል፦ በ20 ዲግሪ 8 ደቂቃ የነበረው ወደ 5 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። ከ5 ደቂቃ በታች አልወርድም፤ ማጠቢያው ፊልሙን እኩል ሳይዳስሰው ሰዓቱ ያልቃል።

ጣሳው የድሮ ስለሆነ ተገልብጦ አይናጥም፣ ያፈሳል። መሐሉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በየደቂቃው መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንድ አዞራለሁ። ይበቃል። ፊልሙ የሚጠቀለልበት ጥምዝምዝ ግን ድርቅ ማለት አለበት። አንዲት ጠብታ ውሃ ካለች ፊልሙ በጨለማ ውስጥ ይጣበቅና ላብ በላብ ያደርጋል።

የማጠቢያውን ሥራ የሚያስቆመው አቼቶ ነው፣ በውሃ የቀጠነ። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ደግሞ ሃይፖ የሚባለው ኬሚካል ነው። ለፊክሰር ሰዓት ከመቁጠር ቁራጭ ፊልም መንከር ይሻላል። ቁራጩ ጥርት እስኪል የወሰደውን ጊዜ እጥፍ አድርጎ ዋናውን ማቆየት ነው። የመጥሪያው ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ ፊክሰሩ እየደከመ ነው ማለት ነው። ያገለገለውን አልደፋም፤ ከፊልሙ የወጣ የብር ማዕድን አለበት፣ በጀሪካን አጠራቅመዋለሁ።

የመጨረሻው ማለቅለቂያ የተጣራ ውሃ መሆን አለበት፤ የቧንቧው ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። አዳማ የከባድ መኪና ከተማ መሆኗ እዚህ ጋ ጠቀመኝ። የመኪና ባትሪ የሚሸጥበት ሁሉ የተጣራ ውሃ አለ። መለያውን አይቶ መግዛት ነው፣ አጠገቡ የተደረደረው አሲድ ነውና። ለማድረቂያ መታጠቢያ ቤቱን መርጫለሁ። ሙቅ ሻወር ከፍቼ እንፋሎቱ አቧራውን ካወረደው በኋላ ፊልሙን ሰቅዬ በሩን እዘጋለሁ። ቤተሰብ ያጉረመርማል።

ውጤቱ ደህና ነው። ኔጌቲቩ ትንሽ ሳስቷል፤ ሰዓቱን ወደ 9 ደቂቃ ከፍ አደረግኩት፣ የሚቀጥለው ሞላ ብሎ ወጣ። 1/500 ላይ የተነሱት በአንድ ጎን ጠቆር ይላሉ፤ የመዝጊያው ጨርቅ ሩጫውን እኩል አይጨርስም። 1/500ን ተውኩት፣ 1/250 ላይ ደህና ነው። ቀፎ ቁጥር 4 ጫረ። ፕላስተር ደግሜ ሞከርኩበት፣ እንደገና ጫረ፣ ተጣለ። ጋሼ ኔጌቲቩን ወደ መስኮት ይዘው ረጅም ሰዓት አዩና «ጋሪው ጥሩ ነው፤ ሰማዩን ግን አቃጥለኸዋል» አሉ። ሰማዩን ጠቆር የሚያደርግ ቢጫ ፊልተር አለኝ፣ ከአሁን በኋላ ሌንሱ ላይ ይውላል።

ታኅሣሥ፣ ወረቀቱ

ኔጌቲቩን ወረቀት ላይ አጉልቶ የሚጥለው ማጉያም ከተቀመጠበት ወጥቷል። አምፖሉ ይሠራል፣ ሌንሱ ንጹህ ነው፣ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንደጠበቅሁት ችግሩ ወረቀቱ ነው። ከድሮ የቀረ ፓኬት ነበረኝ። ከመሐል አንድ ቁራጭ በጨለማ ቆረጥኩና ብርሃን ሳላሳየው ማጠቢያ ውስጥ ከተትኩት። ነጭ መሆን ነበረበት፣ አመድማ ሆነ። ፓኬቱ በሙሉ እንደዚያ ነው። የአክስቴ ልጅ ለገና ትመጣለች፤ ሁለት ፓኬት ወረቀት ጽፌላታለሁ፣ በእጅ ሻንጣ። እስከዚያ የተረፉትን ቀፎዎች እሞላለሁ፤ ፊልሙን ባለበት ካቆየሁት እሱም እያረጀ ነው።